ወንጀል ፓስፖርት የለውም፤ የፊልም ዘውግስ?

ዛሬ ከተለመደው የፖለቲካ ጉዳይ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ስለ ፊልም ልጽፍ ነው። ፈቀቅ ያልኩ ይመስላል እንጂ እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ብዙም እንዳልራቅኩ ታያላችሁ። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ቃል ነው።

ከወራት በፊት ስለ ወንጀል ፊልሞች አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለኅትመት ሰጠሁ። በጽሑፉ መሃል አሜሪካዊው ብራያን ደ ፓልማ በ1980 የሠራውን «ድረስድ ቱ ኪል» የተሰኘ ፊልም «ጃሎ» ብዬ ጠርቼው ነበር። ጽሑፉ ሲወጣ ቃሏ የለችም። በቦታዋ «የአሜሪካ ትሪለር» የሚል ገብቷል። ደወልኩ። አዘጋጁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሳይቆጣ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ጃሎ የጣሊያን ነው። ፊልሙ የአሜሪካ ነው። የአንዱን አገር ስም ለሌላው አገር ፊልም አንሰጥም።»

ስልኩ ተዘጋ፤ ነገሩ ግን አልተዘጋልኝም። ምክንያቱም ይህ የአንድ አዘጋጅ አቋም ብቻ አይደለም። ፊልም የሚወዱ ሰዎች በየቦታው የሚጣሉበት ጉዳይ ነው። ጃሎ ከጣሊያን ውጭ አለ ወይ? ኖዋር ከአሜሪካ ውጭ አለ ወይ? የያኩዛ ፊልም ጃፓናዊ ያልሆነ ሰው ሊሠራው ይችላል ወይ? «አይቻልም» የሚሉት ወገኖች ነገሩን የክብር ጉዳይ አድርገውታል። እኔ ደግሞ ተሳስተዋል እላለሁ። የተሳሳቱትም በፊልም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

*ተማሪዎቹ አንድ ክፍል ነው የተማሩት*

መጀመሪያ ቃሏን እንተዋወቃት። ጃሎ በጣሊያንኛ ቢጫ ማለት ነው። ከኛ የፉከራ «ጃሎ» ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው። የፊልም ሰዎች ጃሎ ሲሉ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እነ ማሪዮ ባቫና እነ ዳሪዮ አርጀንቶ የሠሯቸውን የግድያ ፊልሞች ማለታቸው ነው። ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ገዳዩ ጥቁር ጓንት ያጠልቃል፤ ፊቱ አይታይም። መሣሪያው ምላጭ ወይም ቢላ ነው። ፖሊስ እምብዛም አይረዳም። ነገሩን የሚከታተለው አንድ ተራ ሰው ነው፤ ያውም በዓይኑ ያየውን በልቡ በትክክል ያላስተዋለ ሰው። አርጀንቶ በ1970 ባወጣው «ባለ ክሪስታል ላባዋ ወፍ» ውስጥ አንድ ጸሐፊ በሁለት የመስታወት በሮች መሃል ተይዞ የግድያ ሙከራ ያያል። ከዚያ በኋላ የሚታገለው ከገዳዩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ትዝታው ጋር ነው።

ደ ፓልማ ጋ ስንመጣ ምላጩ አለ። ማንነቱን በጥቁር መነጽር የሸፈነ ገዳይ አለ። አሳንሰር ውስጥ የሚፈጸመውን ግድያ በመስታወት ነጸብራቅ የምታይ ሴት አለች። ታዲያ ይህ ፊልም ጃሎ ለመባል ምን ጎደለው? ፓስፖርት ብቻ!

«ደ ፓልማ የተማረው ከሂችኮክ ነው፤ ከጣሊያኖቹ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የሂችኮክ ተማሪ ነው። ባቫስ? የመጀመሪያው ጃሎ ነው እየተባለ የሚጠቀሰው የ1963 ፊልሙ ስሙ «ከመጠን በላይ ያወቀችው ልጅ» ነው። ሂችኮክ «ከመጠን በላይ ያወቀው ሰው» የሚል ፊልም እንደነበረው የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ተማሪዎቹ አንድ ክፍል ነው የተማሩት። አንዱ ሲመረቅ ዲፕሎማ ተሰጠው፤ ሌላው «የየት አገር ሰው ነህ?» ተባለ።

*ቢጫው ሽፋን የማን ነበር?*

አሁን ወደ ቃሉ ልደት እንሂድ። በ1929 ሞንዳዶሪ የተባለው የጣሊያን አሳታሚ የወንጀል ልብወለዶችን በቢጫ ሽፋን በተከታታይ ማውጣት ጀመረ። ሰውም ከሽፋኑ ተነሥቶ መጻሕፍቱን «ቢጫዎቹ» አላቸው። ስሙ በዚያው ጸና።

በቢጫው ሽፋን ውስጥ የነበረው ታዲያ የማን ታሪክ ነው? የመጀመሪያው መጽሐፍ የአሜሪካዊው ኤስ. ኤስ. ቫን ዳይን ሥራ ነበር። ከዚያም እነ ኤድጋር ዋላስ፣ እነ አጋታ ክሪስቲ ተከተሉ። ማለትም «ጃሎ» የሚለው ስም ሲወለድ በአመዛኙ ያረፈው ከእንግሊዝኛ በተተረጎሙ ታሪኮች ላይ ነው። እስከ ዛሬም ለጣሊያናዊ አንባቢ የአጋታ ክሪስቲ ልብወለድ ጃሎ ነው። የሂችኮክ ፊልም ጃሎ ነው። ያልተፈታ ግድያ ሲያጋጥም የጣሊያን ጋዜጦች ጉዳዩን ራሱን «ጃሎ» ይሉታል። ቃሉን ለጣሊያን ፊልሞች ብቻ አጥብበው የቆለፉት በአመዛኙ ከጣሊያን ውጭ ያሉ አድናቂዎች ናቸው። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ተኝቷል፤ እንግዳው በር ላይ ቆሞ «መግባት ክልክል ነው» ይላል።

ጣሊያን ውስጥ ግን አንድ ጊዜ በሩን ለመዝጋት የሞከረ ኃይል ነበር። ማን እንደሆነ ብነግራችሁ አትገረሙም፤ የሙሶሊኒ መንግሥት ነው። ፋሺስቶቹ ቢጫዎቹን መጻሕፍት አልወደዷቸውም። ሥርዓት በሰፈነባት፣ ሕዝቧ ጀግናና ንጹሕ በሆነባት ጣሊያን እንዴት ወንጀል ይኖራል? ስለዚህ በመጻሕፍቱ ውስጥ ገዳዩ ጣሊያናዊ እንዳይሆን ተጫኑ። ወንጀለኛው የውጭ ሰው መሆን ነበረበት። በ1941 ጭራሹን ተከታታዩን አስቆሙት። 1941 ለእኛ የትኛው ዓመት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት ነው። ያ መንግሥት ከኢትዮጵያ ሲባረር በዚያው ዓመት አገሩ ውስጥ ከልብወለድ ጋር ይዋጋ ነበር።

አውጉስቶ ደ አንጀሊስ የሚባል ደራሲ ግን ነበር። ሚላን ውስጥ የሚሠራ ጣሊያናዊ መርማሪ ፈጥሮ የጣሊያን ወንጀል በጣሊያን መሬት ላይ ሊጻፍ እንደሚችል በሥራው አሳየ። በፀረ ፋሺስትነት ታሰረ። ከተፈታ በኋላ በ1944 በአንድ ፋሺስት ተደብድቦ በዚሁ ሳቢያ ሞተ።

ይህን የማነሣው ዛሬ «ጃሎ የጣሊያን ብቻ ነው» የሚለውን ሁሉ ፋሺስት ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ርካሽ ክርክር አልወድም። ነገር ግን ወንጀልንና የወንጀልን ታሪክ በዜግነት መለየት መጨረሻው የት ሊያደርስ እንደሚችል ማወቅ ደግ ነው። ሐሳቡ ንጹሕ የፊልም ሐሳብ ይመስላል፤ የኋላ ታሪኩ ግን ንጹሕ አይደለም።

*አንድ ሬሳ፣ ሁለት ስም*

አሁን ደግሞ ፊልሞቹን ራሳቸውን እንያቸው። ባቫ በ1964 የሠራው «ስድስት ሴቶች ለገዳዩ» የዘውጉን መልክ ያስቀመጠ ነው የሚባልለት ፊልም ነው። ገንዘቡ ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይና ከምዕራብ ጀርመን ነው የመጣው። የአርጀንቶ «ባለ ክሪስታል ላባዋ ወፍ» የጣሊያንና የምዕራብ ጀርመን የጋራ ሥራ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሮም ውስጥ የሚኖር አሜሪካዊ ነው። ተዋናዩም አሜሪካዊ ነው። ታሪኩ የተወሰደው፣ ስሙ ባይጠቀስም፣ ከአሜሪካዊው ፍሬድሪክ ብራውን ልብወለድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የ1972ቱ «ሶላንዥን ምን አደረጋችኋት?» ነው። ዳይሬክተሩ ጣሊያናዊው ማሲሞ ዳላማኖ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ለንደን ነው። መርማሪ ሆኖ የሚተውነው ጀርመናዊው ዮአኪም ፉክስበርገር ነው። ጣሊያን ውስጥ ይህ ፊልም ጃሎ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ «የአረንጓዴዋ መርፌ ምስጢር» ተብሎ ወጣ፤ የተሸጠውም በኤድጋር ዋላስ ስም ነው። ጀርመኖቹ ከ1959 ጀምሮ በዋላስ መጻሕፍት ላይ የተመሠረቱ ብዙ ፊልሞች ሠርተው ነበር፤ «ክሪሚ» ይሏቸዋል። ፉክስበርገር የእነዚያ ፊልሞች ኮከብ ስለነበር ተመልካቹ ፊቱን ሲያይ የሚጠብቀው ክሪሚ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ ፊልም፣ አንድ ገዳይ፣ አንድ ሬሳ። አልፕስን ሲሻገር ስሙ ይቀየራል። «የአንዱን አገር ስም ለሌላው አንሰጥም» የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ምን ይላል? ፊልሙን ለሁለት ይቆርጠዋል?

ፊልም ሠሪዎች ይህን ቀልድ ቀድመውን አውቀውታል። በ2011 የዴንማርክና የስዊድን ቴሌቪዥኖች በጋራ የሠሩት «ድልድዩ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ሲጀምር ሁለቱን አገሮች በሚያገናኘው የኦረሱንድ ድልድይ መሃል፣ ልክ ድንበሩ ላይ፣ ሬሳ ይገኛል። ሲነሣ ሬሳው ለሁለት ተቆርጧል። ግማሹ የስዊድናዊት፣ ግማሹ የዴንማርካዊት ነው። ሁለት ፖሊሶች አንድን ጉዳይ አብረው ከመያዝ በቀር ምርጫ የላቸውም። የዘውግ ክርክራችን ያ ድልድይ ላይ ነው ያለው።

*ጎረቤት ያወጣው ስም*

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይባላል። በወንጀል ፊልም ዓለም ግን ብዙ ጊዜ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ስሙ ከጎረቤት ይወጣል፣ ቤቱ ይከተላል።

ኖዋርን ውሰዱ። ዛሬ ከአሜሪካ የበለጠ አሜሪካዊ የሚመስል ዘውግ ነው። ዝናብ ያረጠበው አስፋልት፣ ሲጋራ፣ ባርኔጣ፣ ወደ ጥፋት የምትስብ ሴት። ቃሉ ግን ፈረንሳይኛ ነው፤ «ጥቁር» ማለት ነው። በጀርመን ወረራ ጊዜ የአሜሪካ ፊልም ፈረንሳይ አይገባም ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ የዓመታቱ ፊልሞች ባንድ ላይ ፓሪስ ደረሱ። በ1946 ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሐያሲ «የማልታ ጭልፊት»ን፣ «ደብል ኢንደምኒቲ»ን፣ «ላውራ»ን የመሳሰሉትን አይቶ ጥቁር ፊልሞች አላቸው። የሠሯቸው አሜሪካውያን በጊዜው በዚህ ስም አይጠሯቸውም ነበር።

ኒኖ ፍራንክ ራሱ የተወለደው ደቡብ ጣሊያን፣ ባርሌታ ነው። የ«ደብል ኢንደምኒቲ» ዳይሬክተር ቢሊ ዋይልደርና የ«ላውራ» ዳይሬክተር ኦቶ ፕሬሚንገር የተወለዱት ዛሬ በካርታ ላይ በሌለች አገር፣ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ነው። ስለዚህ ጣሊያን የተወለደ ሰው፣ በፈረንሳይኛ፣ ከፈረሰ ግዛት የመጡ ሰዎች ሆሊዉድ ውስጥ ለሠሯቸው ፊልሞች ስም አወጣ። ያውም ቃሉ አዲስ አልነበረም፤ ከጦርነቱ በፊት የፈረንሳይ ጋዜጦች «ለ ኬ ደ ብሩም»ን የመሳሰሉ የራሳቸውን አገር ፊልሞች ሲነቅፉ «ጥቁር» ይሏቸው ነበር። እስቲ አሁን የኖዋርን ዜግነት ንገሩኝ! የትኛው ኤምባሲ ነው ቪዛ የሚሰጠው?

የታሪኮቹም ጉዞ እንደዚሁ ነው። አሜሪካዊው ኤድ ማክቤይን በ1959 የጻፈውን ልብወለድ ኩሮሳዋ ወስዶ በ1963 «ሃይ ኤንድ ሎው»ን ሠራ፤ ዮኮሃማ ላይ ኮረብታው ላይ ያለው ሀብታምና ከታች በሙቀት የሚቀቀለው ድሃ የሚተያዩበት ፊልም። ስፓይክ ሊ ደግሞ በ2025 ያንኑ ታሪክ ኒው ዮርክ መልሶ ዴንዘል ዋሽንግተንን አቆመበት። ታሪኩ ደርሶ መልስ ቲኬት ቆርጧል።

እኛስ ብንሆን? መርካቶ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ገበያ ማለት ነው። መርካቶ ሲባል ግን ሚላንን የሚያስብ ሰው አለ? ፒያሳም ያው ነው። ማኪያቶ አዘን ስንጠጣ ማንም «ይህ ማኪያቶ ሊባል አይገባውም» ብሎ ስኒያችንን አይቀማንም። ስሙ መጣ፣ ተቀመጠ፣ የራሱን ኑሮ ኖረ። ከየት እንደመጣም አልረሳንም። ሁለቱ አይጣሉም።

*የተቃዋሚዎቼ እውነት*

ክርክር በሐቅ ካልሆነ አይጥምም፤ የሌላው ወገን እውነትም ይነገር።

የመጀመሪያው እውነታቸው ስም ሲዘዋወር ባለቤቱ ይረሳል የሚል ነው። ልክ ናቸው። በ2002 ሆንግ ኮንጎች «ኢንፈርናል አፌርስ»ን ሠሩ፤ ፖሊስ ውስጥ የተሰገሰገ ወሮበላና ወሮበላ ውስጥ የተሰገሰገ ፖሊስ የሚፈላለጉበት ድንቅ ፊልም ነው። ማርቲን ስኮርሴዚ በ2006 «ዘ ዲፓርትድ» ብሎ ወደ ቦስተን ወሰደው። በ2007ቱ የኦስካር ምሽት ፊልሙ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ አራት ሽልማት አገኘ። በመድረኩ የተሰማው ማስታወቂያ ግን መነሻውን «የጃፓን ፊልም» አለው። የሆንግ ኮንግ ሥራ በዓለም ፊት ለጃፓን ተሰጠ፤ ለምን ቢባል ለተናጋሪው ሁለቱም ያው «እስያ» ናቸው። ይህ ያማል።

ሁለተኛው እውነታቸው አንዳንድ ስም ከአንድ አገር ቁስል ጋር የተሰፋ ነው የሚል ነው። በ1970ዎቹ ጣሊያን ውስጥ «ፖሊዚዮቴስኮ» የሚባሉ የፖሊስ ፊልሞች ጎርፈው ነበር። እንደ «ደርቲ ሃሪ» ካሉ የአሜሪካ ፊልሞች ብዙ ወስደዋል። ነገር ግን ከበስተጀርባቸው ያለው የጣሊያን «የእርሳስ ዘመን» ነው፤ በ1969 ሚላን ፒያሳ ፎንታና ላይ የፈነዳው ቦምብ፣ በ1978 ታግተው የተገደሉት አልዶ ሞሮ፣ በመንግሥት ላይ የጠፋው እምነት። በ2007 የወጣውን የብራዚሉን «ትሮፓ ዴ ኤሊት» ፖሊስ ስላለበትና ጭካኔ ስላለበት ብቻ ፖሊዚዮቴስኮ ብለው፣ የሪዮ ደ ጃኔይሮን ፋቬላዎች በሚላን ቦምብ ሸፈንኳቸው ማለት ነው። የፉካሳኩ የ1973 የያኩዛ ፊልም፣ «ክብርና ሰብአዊነት የሌለበት ጦርነት»፣ የሚከፈተው በአቶሚክ ቦምብ ጭስ ምስል ነው፤ ከዚያ ከሂሮሺማ አጠገብ ያለች ከተማ ጥቁር ገበያ ውስጥ ይጥለናል። ያንን ስም አንሥቶ የሌላ አገር ወሮበላ ላይ መለጠፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ የኔ መለያ ይህ ነው። ስሙ የሚጠራው *አሠራርን* ከሆነ፣ ማለትም ታሪክ የሚነገርበትን፣ ካሜራ የሚያይበትን፣ ምስክር የሚሳሳትበትን መንገድ ከሆነ፣ ይጓዝ። ስሙ የሚጠራው *አንድ አገር የደረሰባትን ነገር* ከሆነ እዚያው ይኑር። ጃሎ አሠራር ነው። ኖዋር አሠራር ነው። ፖሊዚዮቴስኮ ክስተት ነው። የፉካሳኩ ያኩዛ ክስተት ነው። የሚጓዘውም ስም ቢሆን ዕዳውን ተሸክሞ ይጓዝ፤ ከማን እንደወሰደ ይናገር። በ2009 ብራስልስ የሚኖሩት ኤለን ካቴና ብሩኖ ፎርዛኒ «አሜር» የተባለ ፊልም ሲሠሩ ከድሮዎቹ የጣሊያን ፊልሞች ሙዚቃ ወስደው በግልጽ ተጠቀሙ። የማን ልጆች እንደሆኑ አልደበቁም። እንዲህ ያለው ወራሽ ነው፤ ሌባ አይደለም።

«ዘ ዲፓርትድ» ላይ የተፈጸመውም ጥፋት ስሙ መጓዙ አይደለም፤ ዕዳው መካዱ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ድንበር መዝጋት ሳይሆን በትክክል መጥራት ነው።

*ለእነሱ ዘውግ፣ ለእኛ አህጉር*

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ሁሉ ክርክር ለምን ያገባናል?

የዘውግ ስም በዜግነት የሚታደል ከሆነ፣ ስም የማውጣት አቅም ያላቸው አገሮች ዘውግ ይኖራቸዋል፤ የሌላቸው አገሮች አድራሻ ብቻ ይኖራቸዋል። ማስረጃ ላቅርብ።

በ2010 ጆ ቱንዳ ዋ ሙንጋ ኪንሻሳ ላይ «ቪቫ ሪቫ!»ን ሠራ። ነዳጅ በጠፋበት ከተማ አንድ ሰው የተሰረቀ ነዳጅ ይዞ ይመጣል። ንብረቱ የተወሰደበት የአንጎላ ወሮበላ ይከተለዋል። በምሽት ክበብ ውስጥ የሌላ ወሮበላ የሆነች ቆንጆ አይቶ ራሱን ያጣል። ገንዘብ፣ ሴት፣ ሌሊት፣ ማምለጫ የሌለው ዕጣ። እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚህ በላይ ኖዋር ምንድን ነው? በ2012 ኬንያ ውስጥ «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ» ወጣ፤ ተዋናይ ለመሆን ከገጠር የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ተዘርፎ፣ ታስሮ፣ መጨረሻው የመኪና ዘራፊዎች ጓደኛ መሆን ነው።

እነዚህ ፊልሞች ግን የሚቀመጡት «የአፍሪካ ፊልም» በሚል መደርደሪያ ላይ ነው። ከወንጀል ፊልሞች ጋር አይደለም። የፈረንሳይ ወንጀል ፊልም «ወንጀል» ይባላል፤ የኮንጎ ወንጀል ፊልም «ኮንጎ» ይባላል። የመጀመሪያውን ሰዎች የሚያዩት ልባቸው እንዲሰቀል ነው። ሁለተኛውን የሚያዩት ስለ አፍሪካ ለማወቅ ነው፣ እንደ ሪፖርት። አዘጋጁ ወዳጄ ሕጉን ሲያስከብር የሚጠብቀው የጣሊያንን ክብር ይመስለዋል። እየጠበቀ ያለው ግን ይህንን መደርደሪያ ነው።

እኛው ቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አንድ ወጣት አዲስ አበባ ላይ የወንጀል ፊልም ልሥራ ቢል ሁለት ዱላ ይጠብቀዋል። አንደኛው «የፈረንጅ ኮፒ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ባህላችን አይደለም» ይላል። ለመጀመሪያው መልስ ሰጥቻለሁ፤ ኮፒ ከሆነ ባቫም ኮፒ ነው፣ ኩሮሳዋም ኮፒ ነው። ሁለተኛውን ግን ስሰማ ያ የሮማው ትእዛዝ ትዝ ይለኛል፤ ገዳዩ የኛ ሰው እንዳይሆን። ወንጀል ባህላችን ካልሆነ «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ ምን ሲዘግብ ኖረ? ጎረቤት ጎረቤቱን ሲገድል፣ ወንድም በውርስ ወንድሙን ሲያጠፋ ያነበብነው ዜና ከውጭ ተልኮ ነው የመጣው? ጥፋትን ሁሉ ከውጭ መጣ ማለት የለመደ ሕዝብ ገዳዩን ሁልጊዜ በሩቅ ይፈልጋል። ጥሩ የወንጀል ፊልም ደግሞ ሥራው አንድ ነው፤ ገዳዩ ቤት ውስጥ እንዳለ ማሳየት።

የሚገርመው ነገር የኛ ተመልካች ይህን ክርክር ድሮ ጨርሶታል። ማንም ሳያስተምረው የአገር ስም ወስዶ የአሠራር ስም አድርጎታል። አንድ የአማርኛ ፊልም እንባው ሲበዛ፣ የሞተው ሲነሣ፣ ያልታሰበ ወንድማማችነት ሲገለጥ «ህንድ ፊልም አደረጉት» እንላለን። ማንም የተዋንያኑን ፓስፖርት አይጠይቅም። ፍርዱ ለህንዶች ፍትሐዊ ነው አልልም፤ ህንድ ስንት ዓይነት ሲኒማ እንዳላት የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ስሙ የሚጠራው ፊልሙ የሚያደርገውን ነው።

የራሳችን ስምም አለን፤ «ልብ አንጠልጣይ»። አስቡት፣ ይህ ስም ውስጥ አገር የለም። ቀለም የለም። ሽፋን የለም። ያለው የተመልካቹ ልብ ነው፣ ተንጠልጥሎ። በልጅነቴ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በር ላይ በጥቁር ሰሌዳ «ልብ አንጠልጣይ» ተብሎ በጠመኔ ሲጻፍ ፊልሙ የሆንግ ኮንግ ይሁን የአሜሪካ አይነገረንም ነበር። አንጠይቅምም ነበር። የምንጠይቀው ልባችን በእርግጥ ይንጠለጠል እንደሆነ ነው። ያ ሰሌዳ ዛሬ ፊልም በአገር ከሚደረድሩት ብዙ መደርደሪያዎች ይልቅ ትክክል ነበር።

ስለዚህ ለአዘጋጁ ወዳጄ፣ ይህን ጽሑፍ እንደሚያነበው ስለማውቅ፣ እንዲህ እለዋለሁ። የኪንሻሳውን ፊልም ኖዋር በለው። ነገ የኛ ልጅ ካዛንቺስ ላይ ምስክሩ የሚሳሳትበት፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ ብቻ የሚታይበት ፊልም ቢሠራ ጃሎ በለው፤ ከማን እንደተማረም አብረህ ጻፍ። አንድ ቀን ደግሞ ሮም ያለ ሐያሲ የራሱን አገር ፊልም አይቶ «ልብ አንጠልጣይ ነው» ቢል፣ በኛ ስም በኛ ቃል፣ ደስ ይለናል እንጂ አንከለክለውም።

እስከዚያው ግን ቃሌን መልስልኝ።

ቸር እንሰንብት!